የሞስኮ በረራ ከመቻራ

ከአዲስ አበባ ሞስኮ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ሰው ቢጠይቀኝ በአንድ ትንፋሽ የምመልስ ይመስለኝ ነበር። በሥራዬ ምክንያት አንድ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ባለፈው ኅዳር ግን ይህን ጥያቄ ለመመለስ መቻራ ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ መልሱም አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። መሥሪያ ቤቴ ወደ ጨርጨር የላከኝ ስለ ቡና አሰባሰብ እንድጽፍ ነበር። የቡናው ዘገባ በጊዜው ወጥቷል፤ እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን የምጽፈው ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል ለማያገኙ አንባቢዎች ነው።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ በጠዋት ወጣን። ሹፌሩ በቀለ ይባላል፤ ከሁለት ነገር በስተቀር በዓለም ላይ የሚፈራው የለም፤ ኬላና የማያውቀው ምግብ። ናዝሬትን፣ መተሐራን፣ አዋሽን አልፈን ሚኤሶ ስንደርስ ሙቀቱ የላንድሮቨሩን በር እጀታ የማይጨበጥ አድርጎት ነበር። የእህል መኪኖች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሹፌሮቹ ከሥራቸው ተጋድመው ተኝተዋል። እኛ አገር መኪና ጥላ ፈልጎ ይቆማል፤ እዚያ ጥላው ራሱ መኪናው ነው።

አንዲት ሴት በጭስ የታጠነ ዕቃ ይዛ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። እኔ ጠጣሁ። በቀለ አፍንጫውን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር መንገድ ላይ ያስቀምጥዎታል። እኔ የለሁበትም» አለና በአንድ ሻይ ቤት ሥጋ ወጥ አዘዘ። ከዚያ እስከ አሰበ ተፈሪ ባለው ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ የቆምነው ለእኔ አልነበረም።

ዳገቱን ሲወጡ አየሩ ይለወጣል። አሰበ ተፈሪ ስንገባ ሹራብ መልበስ አምሮኝ ነበር። ያረፍነው ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ደርባባ ሴት ቡና ቤት ነው። አልጋው መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ሰው እንዳይወድቅ ያደርጋል፤ መገላበጥ ግን አይፈቅድም። ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው በባልዲ ሙቅ ውኃ ይዘው መጡና፣ «አዲስ አበባ ውኃው ከግድግዳ ነው የሚወጣው አይደል? እዚህ ከእኔ ነው» አሉኝ።

እራት ላይ የት የት አገር እንደሄድሁ ጠየቁኝ። ሞስኮ አልኳቸው። ስህተቴ ይህ ነበር።

ማክሰኞ

ቁርስ ላይ ሳለሁ አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ሻሿን እያስተካከለች ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ስሟ ዘይነብ ነው፤ በከተማው ጤና ረዳት ናት።

«ጋሼ፣ ሞስኮ ሄደው ተመልሰዋል የሚባለው እርስዎ ነዎት?»

«ማነው ያለሽ?»

«ከተማው።»

ወይዘሮ አስካለ ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ በማጠብ ተጠመዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነብ ሕክምና እንድትማር ሞስኮ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ አዲስ አበባ ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ቤተሰቧ ያለው መቻራ ነው። ያለ እነሱ ምርቃት ደግሞ አትሄድም። አባቷ «ደርሶ የተመለሰ ሰው መጥቶ ርቀቱን ይንገረኝ» ብለዋታል። የደረሰ ሰው አሰበ ተፈሪ ውስጥ አልተገኘም፤ የተመለሰማ ከየት ይመጣል።

እኔም ወደ መቻራ ነበርሁ። መኪናው ውስጥ ቦታ ነበረን። በደሳን አልፈን ገለምሶን ይዘን መንገዱ እየከፋ ሲሄድ፣ በየጉድጓዱ እየዘለልን ትነግረኝ ጀመር። አባቷ አባ ዚያድ ለስላሳ ሰው ናቸው። አስቸጋሪው የአባቷ ታላቅ ወንድም ኦቦ ሙሜ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጫት ነጋዴ ሆነው ከጨርጨር ወደ ባቡር ሲጭኑ ኖረዋል። ልጃቸው ከዓመታት በፊት በዚያው ባቡር ጅቡቲ ሄዶ አልተመለሰም። ሰላምታው በነጋዴ አፍ ይመጣል፤ እሱ ግን አይመጣም። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ማንም ርቆ እንዲሄድ አይፈልጉም። ታላቅ «አይሆንም» ካለ ታናሽ «ይሁን» አይልም።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ቅርብ ነው ይበሉልኝ።»

«ቅርብ አይደለም።»

«እሺ፣ ሩቅ ነው አይበሉ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የአየሩን ሁኔታ ያውሩላቸው» አለ በቀለ ከፊት ሆኖ። ወዲያው ጎማው ፈነዳ። ለመቀየር የወሰደብንን ጊዜ ዘይነብ ለብርድ እንዴት እንደሚለበስ ስትጠይቀኝ አሳለፈችው። እኔ ስለ ብርዱ እውነቱን ነገርኋት። ፊቷ ትንሽ ወየበ፤ ግን ጥያቄዋን አላቆመችም።

መቻራ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። በየደጁ የተሰጣ ቡና ሴቶች እየሰበሰቡ ነው። አባ ዚያድ፣ ባለ ሽበት ጢም፣ ረዘም ያሉ ሰው፣ ሁለት እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አከም ጂርቱ፣ ነጋያ» እያሉ ብዙ ቆዩ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ሰላምታ ርዝመት አንድ ስብሰባ ተጀምሮ ያልቃል።

ለእራት የሆነውን መጻፍ አለብኝ። የክርስቲያን እንግዳ የእስላም ሥጋ እንደማይበላ ስለሚያውቁ፣ አባ ዚያድ ዶሮ ይዘው ከመሐል አገር የተመደበ አስተማሪ ጎረቤታቸው ዘንድ ሄደው ኖሯል። እሱ አርዶ፣ ሚስቱ ሠርታ፣ ወጡ ከነድስቱ አጥር ተሻግሮ መጣ። የቤቱ እመቤት አደ ፋጡማ፣ የዘይነብ እናት፣ የማሽላ እንጀራ አጠገቡ አኑረው፣ «ዶሮው የእኛ፣ ቢላው የእናንተ» አሉኝ። በቀለ እንኳ የማያውቀው ምግብ መሆኑን ረስቶ እንጀራውን ጨረሰው።

ከእራት በኋላ ኦቦ ሙሜ መጡ። አጭር፣ ዓይናቸው ፈጣን፣ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው የታጠቁ ሽማግሌ ናቸው። ተቀምጠው ሳይጨርሱ ጠየቁኝ።

«ሞስኮ ስንት ነው?»

«በአየር ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ።»

«እሱን ተወው። ኪሎ ሜትር የመንግሥት ነው። ለእኔ ስንት ነው?»

«በአውሮፕላን አሥር ሰዓት ያህል።»

«ያህል?» ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ጋዜጠኛ በያህል ነው እንዴ የሚጽፈው?»

ካይሮ ላይ አርፎ ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ ከፊት የሚመጣ ነፋስ እንደሚያዘገየው አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ በኦሮምኛ ከወንድማቸው ጋር ተነጋገሩ። ዘይነብ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

«ምን አሉ?» አልኋት።

«ነገ ጠዋት ጫት ይቆረጣል። በሙዝ ቅጠል ይታሰራል። አሥር ሰዓት ይቀመጣል። ሲፈታ ጠውልጎ ከተገኘ ሞስኮ ሩቅ ነው፤ አልሄድም። አረንጓዴ ከሆነ...» አልጨረሰችውም።

«የእኛ ሩቅ ይሄ ነው» አሉ ኦቦ ሙሜ። «ጫት አረንጓዴ ሆኖ የሚደርስበት አገር ሰው ሄዶ ይመለስበታል። ጠውልጎ በሚደርስበት አገር ማንም ዘመድ የለውም።»

ጅቡቲ ጫት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማንም አላነሳውም። እኔ ያነሳሁት ሌላ ነገር ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ ማረም እወዳለሁ። «ግን ኦቦ ሙሜ፣ አውሮፕላኑ የሚነሣው ከአዲስ አበባ ነው። ከዚህ አዲስ አበባ ያለው መንገድም መቆጠር አለበት።»

ዘይነብ ያየችኝ አስተያየት የመቻራን መንገድ ከነጉድጓዱ ረስቼ እሱን እንዳስታውስ ያደረገ ነበር። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አወዛወዙ።

«እሱን መንገድ አውቀዋለሁ። የጠየቅሁህ የማላውቀውን ነው።»

ረቡዕ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ «ተነሣን»። ጫቱ ጤዛው ሳይደርቅ ተቆርጦ፣ በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በልጥ ታስሮ፣ ከቤቱ መሐል ምሰሶ ላይ ተንጠለጠለ። ኦቦ ሙሜ ሰዓቴን ከእጄ አስወልቀው ከሥሩ ሰቀሉት። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ትራስ ተደረደረ፣ ለመቃሚያ የሚሆን ሌላ ጫት መጣ። በረራው በርጫ ሆነ።

እኔ አብራሪ ተደረግሁ። በየተወሰነ ጊዜ ኦቦ ሙሜ አንድ ቅጠል በጥሰው ወደ እኔ ያያሉ።

«አሁን የት ነን?»

«ጎጃም ላይ።»

«አባይ ይታያል?»

«ደመና ነው።»

«አቦ! ደመና ከሆነ በምን አወቅህ ጎጃም መሆኑን?»

ወሬው በመንደሩ ተሠራጨ። ጎረቤት በበሩ አንገቱን እያስገባ «ደረሱ?» ይላል። «ሱዳን ነን፣ ጫማህን አውልቀህ ግባ» ይሉታል። አንዱ ሽማግሌ ለመውጣት ሲነሡ ኦቦ ሙሜ «ወዴት? አየር ላይ እኮ ነን!» ብለው ጮኹ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በትሕትና፣ «ጋዜጠኛው፣ አውሮፕላኑ ሽንት ቤት አለው?» አሉ። አለው አልሁ። «እንግዲያው ወደዚያው ነኝ» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

አደ ፋጡማ ሆጃ ይዘው ገቡ፤ የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፣ እኛ የምንጥለውን እነሱ ያከብሩታል። ስኒዎቹን አደሉና እዚያው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

«ሴት ወደ ጓዳ» አሉ ኦቦ ሙሜ።

«አውሮፕላኑ ውስጥ ጓዳ አለ እንዴ?» አሉ አደ ፋጡማ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። አለ፣ ግን ተሳፋሪ አይገባበትም አልሁ። አደ ፋጡማ ከዚያ በኋላ ከቦታቸው አልተነሡም።

እኔን ጫት አስቀመሱኝ። ጥቂት ቅጠል አኝኬ እንግዳ የሚገባውን ያህል አመሰገንሁ። በቀለ አይቶኝ፣ «ጋሼ፣ ሎሚ የጎረሱ ነው የሚመስሉት» አለ። ቀኑ ረቡዕ ስለነበረ ምሳዬ ከአስተማሪው ቤት የምስር ወጥ ሆኖ መጣ። ወደ ሞስኮ በሄድሁበት እውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ ጾመኛ መሆኔን የጠየቀኝ እንዳልነበረ ለኦቦ ሙሜ ነገርኋቸው። በእውነት አዘኑልኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ካይሮ አረፍን። የዙሁር ሰላት ጊዜ ደርሶ ስለነበር ወንዶቹ ወደ መስጊድ ወጡ። በቀለ ጎማ ሊያስለጥፍ ሄዷል። ሴቶቹ ጓሮ ናቸው። እኔ ብቻዬን ከእስሩ ጋር ቀረሁ።

አባ ዚያድ ተመልሰው ገቡ። የረሱት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ለውዱእ የታጠቡበትን ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ናቸው። ወደ ምሰሶው ሄደው የሙዙን ቅጠል ጫፍ ገለጥ አደረጉና ውኃ በመዳፋቸው እየቀዱ፣ በጥንቃቄ፣ ሕፃን እንደሚታጠብ ሁሉ፣ ረጩበት። መልሰው ሸፈኑት። ዞር ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ካይሮ ሙቀት ነው» አሉኝና ወጡ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አባትየው ከመጀመሪያውም ልጃቸው እንድትሄድ ይፈልጉ ነበር። በታላቅ ወንድማቸው ፊት «ይሁን» ለማለት አፋቸው ስላልተፈታ፣ ጫቱ እንዲልላቸው እየለመኑት ነው።

ከካይሮ በኋላ በረራው ጸጥ አለ። የጫቱ ምርቃና ሰውን ወደ ውስጡ መለሰው። ኦቦ ሙሜ «የት ነን?» ማለቱን ትተው ሰዓቱን ብቻ ያያሉ። ዘይነብ ከግድግዳው ተደግፋ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትስባለች። እኔም ባሕሩን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሜዳ፣ ከላይ ሲታይ ነጭ የሆነውን በረዶ ሳልጠየቅ ተናገርሁ። በረዶውን ስጠራ አደ ፋጡማ ነጠላቸውን አውልቀው በልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። ቤቱ ግን ይሞቅ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሥሩ ሰዓት ሞላ። እስሩ ወረደ። ኦቦ ሙሜ ልጡን ራሳቸው ፈቱት፤ ቅጠሉን ገለጡ፤ አንዱን ቀንበጥ አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። አረንጓዴ ነበር፤ ጠዋት ከተቆረጠበት ጊዜ ይልቅ ያበራ ነበር ብል አላጋነንሁም። ሰው ሁሉ «ማሻ አላህ» አለ።

ሽማግሌው አላሉም። ጣታቸውን በቅጠሉ ላይ አሻሹ፤ ጣታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«ጋዜጠኛው። እኛ ስንሰግድ አንተ እዚህ ነበርህ። ይህን እስር የነካ ሰው አለ?»

ዘይነብ አየችኝ። እናቷ አዩኝ። አባ ዚያድ ጣሪያውን ያዩ ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ባልተነሣ አውሮፕላን ውስጥ አብራሪ ሆኜ ውያለሁ፤ ሰውየው አሁን የሚጠይቁኝ ግን ያየሁትን ነው። ላየሁት ደግሞ አንድ መልስ ብቻ አለኝ።

«አለ። አባ ዚያድ ካይሮ ላይ ውኃ ረጭተውበታል።»

ኦቦ ሙሜ ወንድማቸውን ቀስ ብለው ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱ። ከዚያ ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር፤ ሳቃቸው ከሆዳቸው የሚመጣ ነው።

«እና ባይረጭ ኖሮ ወንድሜ ነው እለው ነበር? ዕድሜዬን ሙሉ ጫት ጫንሁ፤ መንገድ ላይ ውኃ ሳይነካው የደረሰ ጫት አይቼ አላውቅም። ወላሂ፣ ዳር ላይ ተቀምጦ ዝም ቢለው ነበር የማዝነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተን ነው የፈተንሁ። የቤቱን ዶሮ በልተህ፣ የቤቱን ሰው አልሸፈንህም። እንግዲያው አሥር ሰዓት ያልኸውም እውነት ነው። አሁን አመንሁ።»

ዘይነብ ልትነሣ ስትል እጃቸውን አነሡ።

«ተቀመጪ። ጫቱ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ነበረው። አንቺን እዚያ ማን ያጠጣሻል?»

ቀኑን ሙሉ የተጠየቀው ጥያቄ ይህ እንደነበር ያን ጊዜ ሁላችንም ተረዳን። ዘይነብ የእናቷን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ሰበሰበች።

«አጎቴ፣ ጫት የሚጠወልገው ተቆርጦ ስለሚሄድ ነው። እኔ ተቆርጬ አልሄድም።»

በአማርኛ ያለችው እኔ እንድሰማ ይመስለኛል። በኦሮምኛ ደገመችላቸው። ኦቦ ሙሜ ቀንበጡን በጣቶቻቸው መሐል ብዙ አሽከረከሩት። ከዚያ መሬት ላይ አኖሩትና ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ለመንገዱ፣ ለብርዱ፣ ለአብራሪው፣ ለጤናዋ፣ ለመመለሷ። በየመሐሉ ቤቱ ሁሉ «አሚን» ይላል። «ለመመለሷ» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ስለተቆረጠ፣ አባ ዚያድ ተቀብለው ጨረሱላቸው።

ኀሙስ

ጠዋት የመጣሁበትን የቡና ሥራ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ዘይነብንና «እስከ አሰበ ተፈሪ ልሸኛት» ያሉትን ኦቦ ሙሜን ይዘን ተመለስን። ገለምሶን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የላንድሮቨሩ ባሌስትራ ተሰበረ። አንድ የቡና መኪና ጎትቶን ገባን። በቀለ መኪናውን ሊያሠራ እዚያው ቀረ። ወይዘሮ አስካለ ውጤቱን ሳንነግራቸው አውቀውት ነበር፤ ለዘይነብ ለስንቅ ዳቦ ደፍተው ጠበቋት።

ዓርብ

በአውቶብስ ተሳፈርን። ኦቦ ሙሜም ተሳፈሩ። «ሚኤሶ ድረስ ነው» አሉ። ቁልቁለቱን ስንወርድ በየኩርባው የፊት ወንበሩን ጨብጠው ይይዙ ነበር። «አውሮፕላኑን አምኛለሁ፤ ይኼ ነው ያስፈራኝ» አሉኝ፤ ቀጥለውም ሹፌሩን፣ «አንተ ልጅ፣ ሐኪም ነው የጫንኸው፣ ቀስ!» አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪሙን ለማየት ዞረ። ዘይነብ በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

ሚኤሶ ላይ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ሙቀቱ ገባ። ባቡር ጣቢያው ከመንገዱ አጠገብ ይታያል። ረዳቱ ወደ እኛ መጣ።

«አባባ፣ ሚኤሶ ደርሰናል።»

«አይቻለሁ።»

«እዚህ ነው የሚወርዱት ብለውኛል እኮ።»

ኦቦ ሙሜ በመስኮቱ ወደ ሐዲዱ ሲያዩ ቆዩ።

«ያኔም ልጄን ሸኝቼ እዚህ ነው የተመለስሁ» አሉ፤ ለረዳቱ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወንበራቸው ላይ በደንብ ተደላደሉ። «ንዳ በለው። ይሄን መንገድ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ እስከ የት እንደሚሄድ ግን አላየሁትም።»

ዘይነብ ቦርሳዋን ከመሐላቸው አንሥታ እግሯ ሥር አደረገችና ጠጋ አለቻቸው። አውቶብሱ ወደ አዋሽ ተነሣ።